ከፋይ ነጂዎችና የብቃታቸው ሚዛን

አበበ ቢቂላ በ1960 በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ድሉ የማን እንደ ሆነ የጠየቀ አልነበረም። ጫማ እንኳ ስላላደረገ ከእርሱ ጋር ምስጋናውን የሚጋራ ጫማ ሠሪ አልተገኘም። የመኪና እሽቅድምድም በዚህ ረገድ ከሌሎች ስፖርቶች የተለየ ነው። ነጂው የሚቀመጠው ብዙ መሐንዲሶችና መካኒኮች በደከሙበት መሣሪያ ላይ በመሆኑ፣ በሰዓቱ የሚመዘገበው ቁጥር የሰውየውና የመኪናው ድምር ነው። ድምሩን እናውቃለን፤ ተደማሪዎቹን ግን ለየብቻ አናውቃቸውም። አንድ እኩልዮሽ ብቻ ይዞ ሁለት ያልታወቁ መጠኖችን መፈለግ ምን ያህል እንደሚያስቸግር ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ማስረዳት አያሻም።

ነገሩ ይበልጥ የሚወሳሰበው ገንዘብ ሲገባበት ነው። የእሽቅድምድሙ ከፍተኛ ደረጃ በሆነው በፎርሙላ ዋን ውስጥ «ከፋይ ነጂ» እየተባለ የሚጠራ የተወዳዳሪ ዓይነት አለ። ይኸውም ከቡድኑ ደመወዝ ከመቀበል ይልቅ እርሱ ራሱ፣ ወይም አባቱ፣ ወይም ከጀርባው የቆመ ድርጅት ለቡድኑ ገንዘብ ከፍሎ መቀመጫ የሚያገኝ ማለት ነው። ቃሉ በስፖርቱ አዋቂዎች ዘንድ ከስድብ የሚቆጠር ሆኗል። ይሁን እንጂ ቃሉ በጥሞና ሲመረመር የሚነግረን ሒሳቡን ማን እንደ ከፈለ ብቻ ነው። ሰውየው መሪውን ጨብጦ ምን ያህል እንደሚችል ለማወቅ ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያ መለኪያ ምን እንደ ሆነና በየትኛው ጊዜ እንደሚያሳስት በታሪክ ምሳሌዎች ማሳየት ነው። ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስድቡ አዲስ ቢሆንም መክፈሉ ከስፖርቱ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ሆነ የዓለም ሻምፒዮናው በ1950 ከተጀመረ በኋላ፣ ከፋብሪካዎቹ ነጂዎች ጎን የራሱን መኪና ገዝቶና የራሱን መካኒክ ቀጥሮ የሚሰለፍ ባለጸጋ ጥቂት አልነበረም። የሲያሙ ልዑል ቢራ (ስሙ ለእኛ ጆሮ ሌላ ነገር ቢያስታውስም ሰውየው የተመሰገነ ነጂ ነበር) በ1930ዎቹ ዓመታት የተወዳደረው የአጎቱ ልጅ ልዑል ቹላ ባደራጀለት ቡድን ነው። እንዲህ ያሉትን ሰዎች በዚያን ዘመን ማንም አልሰደባቸውም፤ እንዲያውም ለፍቅሩ ሲል የሚወዳደር ጨዋ ይባሉ ነበር። ነገሩን የለወጠው በ1968 በመኪናዎች ላይ የንግድ ማስታወቂያ መፈቀዱ ነው። ቀደም ሲል በየአገራቸው ቀለም ይሰለፉ የነበሩት መኪናዎች የሲጋራና የነዳጅ ኩባንያዎች ሰሌዳ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ያለው ሰው መኪና መግዛት አላስፈለገውም፤ በሌሎች መኪና ላይ መቀመጫ መግዛት በቂ ሆነ። መሸጥ የሚፈልግ ቡድንም አልጠፋም።

ከእነዚህ መካከል በእርግጥ መንዳት የማይችሉ ነበሩ። በ1969 በካናዳ ግራን ፕሪ አል ፒዝ የተባለ ተወዳዳሪ ከመጠን በላይ በመዝገሙ ብቻ ጥቁር ባንዲራ ታይቶት ከውድድሩ ወጥቷል። እንዲህ ያለውን ለመፍረድ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። አስቸጋሪው ፍርድ ከዚያ በላይ ባሉት ላይ ነው፤ ለዚህም ከኒኪ ላውዳ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ላውዳ በ1949 በቪየና የተወለደ የባለ ኢንዱስትሪዎች ቤተሰብ ልጅ ነው። ቤተሰቡ ሀብታም ቢሆንም ለመኪና ውድድር የሚሰጠው ገንዘብ አልነበረውም። አያቱ ሐንስ ላውዳ በቪየና የንግድ ዓለም ትልቅ ስም የነበራቸው ሰው ሲሆኑ፣ የልጅ ልጃቸው ከአንድ ባንክ ሊያገኝ የነበረውን ብድር በቃላቸው ብቻ አስከለከሉት። ወጣቱ ወደ ሌላ ባንክ ሄዶ የሕይወት መድኅን ውሉን መያዣ አድርጎ ተበደረ። የባንክ ባለሙያ ለሆነ አንባቢ የዚህ መያዣ ትርጉም ግልጽ ነው፦ ልጁ በውድድር ላይ ቢሞት ዕዳው ይከፈላል። በዚህ ገንዘብ ማርች በተባለው የእንግሊዝ ቡድን ውስጥ መቀመጫ ገዝቶ በነሐሴ 1971 በኦስትሪያ የመጀመሪያውን ግራን ፕሪ ተወዳደረ። ለ1972 ደግሞ ዕዳውን ከፍ አድርጎ የሙሉ ዓመት መቀመጫ ያዘ። እንግዲህ ላውዳ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ከፋይ ነጂ ነበር።

በዚያ ዓመት የቡድን ባልደረባው ስዊድናዊው ሮኒ ፒተርሰን ነበር። ፒተርሰን በ1971 በዓለም ሻምፒዮናው ሁለተኛ የወጣና በፍጥነቱ በዘመኑ ከነበሩት አንዳንዶች ብቻ የሚስተካከሉት ነጂ ነው። የቡድኑ መሐንዲስ ሮቢን ኸርድ ለ1972 ያዘጋጀው አዲስ መኪና 721ኤክስ ይባል ነበር። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ያማረ ነው። ከባድ ክፍሎች ወደ መኪናው መካከል በተሰበሰቡ መጠን መኪናው በኩርባ ላይ ፈጥኖ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ኸርድ ከኋላው አክስል ወዲያ ተንጠልጥሎ ይኖር የነበረውን ካምቢዮ ከአክስሉ ወዲህ አስገባው። መኪናው ግን ከጎማዎቹ ጋር አልተስማማም። ኩርባ ሲገባ ፊቱ አልታዘዝ ይላል፤ ሊታዘዝ ሲጀምር ደግሞ ኋላው በድንገት ይከዳል።

ላውዳ መኪናውን ሞክሮ እንደ ወረደ የማይረባ መሆኑን ተናገረ። የሰማው አልነበረም። ፒተርሰን መኪናው ተስፋ አለው ብሎ ነበርና፣ በሻምፒዮናው ሁለተኛ የወጣ ሰው ከሚለውና ገንዘቡን ከፍሎ የገባ ልጅ ከሚለው የትኛው እንደሚታመን አከራካሪ አልነበረም። የልጁ ቅሬታ ከልምድ ማነስ ተቆጠረ። ነገር ግን 721ኤክስ ከሦስት ግራን ፕሪዎች በኋላ ተጣለ፤ በምትኩም በፎርሙላ ቱ መኪና አካል ላይ ተመሥርቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ የተገጣጠመ ሌላ መኪና ገባ። ከፋዩ ትክክል ነበር፤ ታላቁ ነጂ ተሳስቶ ነበር።

ለምን ተሳሳተ? መልሱ ለማንኛውም በመሣሪያ ለሚሠራ መሐንዲስ የታወቀ ነው። በመንገድ ሥራ ላይ የዋለ ሰው ሁለት ዓይነት የግሬደር ኦፕሬተር ያጋጥመዋል። አንደኛው እጁ እጅግ የሠለጠነ ከመሆኑ የተነሣ የምላጩን መበላት በልምዱ ሸፍኖ ደልዳላ መንገድ ያወጣል፤ መሣሪያው መበላሸቱንም እስኪሰበር ድረስ ማንም አያውቅም። ሁለተኛው በመጀመሪያው ሰዓት ቆሞ ጥፋቱ ይህ ነው ይላል። የቀኑ ሥራ ሲለካ አንደኛው ይበልጣል። ፒተርሰን የመኪናውን በሽታ በእጁ ሸፍኖ ይነዳ ነበር። ላውዳ በሽታውን ይናገር ነበር።

የዓመቱ መዝገብ ግን ይህን አያሳይም። ፒተርሰን 12 ነጥብ፣ ላውዳ ባዶ። በ1972 መጨረሻ በዚህ መዝገብ ብቻ የሚፈርድ ሰው፣ ይህ የኦስትሪያ ልጅ ገንዘብ ባይኖረው እዚህ ቦታ ባልደረሰ ነበር ቢል አይፈረድበትም። ላውዳ ከነዕዳው ያለ መቀመጫ ቀረ፤ ለ1973ም ቢ.አር.ኤም. ወደ ተባለው ቡድን ገና በእጁ ባልገባ ገንዘብ ተስፋ ሰጥቶ ገባ። በሞናኮ ከታላላቆቹ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ሲነዳ ካምቢዮው ተሰበረ። በዚያ ቡድን ባልደረባው የነበረው ክሌይ ሬጋዞኒ ወደ ፌራሪ ሲመለስ ስለ ላውዳ ለኤንዞ ፌራሪ መሰከረ። ሰዓት ለኪ ያላየውን ባልደረባ አየው ማለት ነው።

ላውዳ ፌራሪ ዘንድ ሲደርስ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር መኪናው ጉድለት እንዳለበት መናገር ነበር። በዚህ ጊዜ ግን የሚሰማ መሐንዲስ ማውሮ ፎርጊዬሪ ነበረ፤ ያለ ፋታ የሚሞከርበት የፊዮራኖ ሜዳም በደጅ ነበረ። በ1974 ሁለት ግራን ፕሪ አሸነፈ፤ በ1975 ደግሞ 312ቲ በተባለው መኪና የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የ312ቲ ዋና ልዩነት ካምቢዮው በአግድም ተጋድሞ ከኋላው አክስል ወዲህ መግባቱ ነበር። በማርች ቤት ያፈረው ሐሳብ በመሠረቱ ይኸው ነው። ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም፤ የጎደለው ከጎማውና ከቀረው የመኪናው አካል ጋር እስኪስማማ የሚያርመውና የሚያርመውን የሚሰማ ሰው ነበር። ላውዳ በነሐሴ 1976 በኑርቡርግሪንግ በእሳት ተቃጥሎ ከሞት ተርፎ፣ በ1977 እንደ ገና፣ በ1984ም ለሦስተኛ ጊዜ፣ ያውም ባልደረባውን አሌን ፕሮስትን በግማሽ ነጥብ ብቻ በልጦ ሻምፒዮን ሆኗል።

ከዚህ ታሪክ ወደ መለኪያው እንመለስ። እኩልዮሹን ለመፍታት ያለው ብቸኛ መንገድ ከሁለቱ ያልታወቁ መጠኖች አንዱን ማጣፋት ነው። እያንዳንዱ ቡድን በሁለት ተመሳሳይ መኪናዎች ስለሚሰለፍ የአንድን ነጂ ሰዓት ከባልደረባው ሰዓት ብንቀንስ፣ መኪናው በሁለቱም ዘንድ አንድ ነውና ይጣፋል፤ የሚተርፈው የሰዎቹ ልዩነት ነው። ሌላው ሁሉ፣ ማለትም ስንት ዋንጫ፣ ስንት ነጥብ፣ ስንተኛ ወጣ የሚለው፣ የመኪናውን መልክ ይዞ የሚመጣ ነው። በ2016 ከሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የወጣ ጥናት ከ1950 እስከ 2014 ያለውን የውድድር ውጤት መርምሮ፣ የቡድኑ ድርሻ ከነጂው ድርሻ በእጅጉ እንደሚበልጥ፣ ልዩነቱም ከዘመን ወደ ዘመን እየሰፋ መምጣቱን አሳይቷል። በዝናብና በከተማ ጎዳና በሚደረግ ውድድር ግን የመኪናው ድርሻ ይቀንሳል ይላል። ይህን ዝቅ ብለን እናነሣዋለን።

የባልደረባ መለኪያም ቢሆን አንድ ጊዜ ተነቦ የሚታመን አይደለም። የላውዳ የ1972 ንባብ ከእውነቱ በታች ነበር። ከእውነቱ በላይ የሚነበብበትም ጊዜ አለ።

በኅዳር 1970ዎቹን ትተን ወደ 2010 እንምጣ። በዚያ ዓመት በኅዳር ወር በብራዚል ሜዳው ከዝናብ በኋላ በመድረቅ ላይ ሳለ፣ የዊሊያምስ ቡድን ጀማሪ ነጂ ጀርመናዊው ኒኮ ሁልከንበርግ ከሁሉ ቀድሞ የመነሣትን ቦታ ከተከታዩ ከአንድ ሰከንድ በላይ በልጦ ያዘ። በዚህ ስፖርት ሰከንድ ማለት ዘመን ማለት ነው። ወሩ ሳያልቅ ግን ቡድኑ አሰናበተው። ቦታውን የወሰደው የቬኔዙዌላው ፓስቶር ማልዶናዶ ሲሆን፣ ከኋላው የአገሩ መንግሥት የነዳጅ ኩባንያ ፔ.ዴ.ቬ.ኤስ.አ. በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይዞ ቆሞ ነበር። የአንድ ሕዝብ የነዳጅ ገቢ በዚህ መንገድ ሊወጣ ይገባ ነበር ወይ የሚለው ራሱን የቻለ ከባድ ጥያቄ ነው፤ መልሱን ግን ከነጂው ሰዓት ላይ አናገኘውም።

ማልዶናዶ መንዳት የማይችል ሰው አልነበረም። ከፎርሙላ ዋን በታች ያለውን የጂ.ፒ.2 ሻምፒዮና ሁልከንበርግ በ2009፣ እርሱ ደግሞ በ2010 አሸንፈዋል። በግንቦት 2012ም ማልዶናዶ በባርሴሎና ከመጀመሪያው ቦታ ተነሥቶ፣ ፈርናንዶ አሎንሶን በገዛ አገሩ ከ3 ሰከንድ ጥቂት በሚበልጥ ልዩነት ቀድሞ ግራን ፕሪ አሸነፈ። ለዊሊያምስ ከ2004 ወዲህ የመጀመሪያው ድል ነበር። የከፋይ ነጂዎች ጠበቆች ዛሬም ድረስ የሚጠቅሱት ይህን ቀን ነው። ቀኑ እውነተኛ ነው፤ ድሉም ያለ ጥፋት የተነዳ ድል ነው። ሆኖም ያ ዓመት የጎማው ጠባይ ሁሉን ያምታታበት፣ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ሰባት የተለያዩ አሸናፊዎች የታዩበት ዓመት ነበር። ማልዶናዶ በዓመቱ ካገኘው 45 ነጥብ 25ቱ የዚያ የአንድ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ እስከ ጃፓን ውድድር ድረስ አንድም ነጥብ አላገኘም። ባልደረባው ብሩኖ ሴና 31 ነጥብ ይዞ ጨረሰ፤ ሴናም ራሱ ስፖንሰር ይዞ የገባ ሰው ስለ ሆነ፣ ሁለት ያልተስተካከሉ ሚዛኖችን እርስ በርስ ማስተካከል ሆነብን። ከሌሎቹ ባልደረቦቹ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ በ2011 ከሩበንስ ባሪኬሎ 4 ለ1፣ በ2013 ከቫልተሪ ቦታስ 4 ለ1፣ በ2014 በሎተስ ቤት ከሮማን ግሮዣን 8 ለ2፣ በ2015 ከዚያው ሰው 51 ለ27 ተበልጧል። ረጅሙ ንባብ ይህ ነው። በ2016 መጀመሪያ ከካራካስ የሚመጣው ገንዘብ ሲቋረጥ መቀመጫውም አብሮ ሄደ።

ረጅም ንባብ አንዳንዴ ስም ያድሳል። ብራዚላዊው ፔድሮ ዲኒዝ የታላቅ የገበያ ኩባንያ ባለቤት ልጅ በመሆኑ በ1995 ፎርቲ ወደ ተባለው ደካማ ቡድን ሲገባ የጋዜጦች መሳለቂያ ነበር። በ1997 በአሮውስ ቤት ከዓመቱ በፊት ሻምፒዮን ከነበረው ከዴመን ሂል ጋር ተቀምጦ በነጥብ 7 ለ2 ተበለጠ፤ በሻምፒዮን መበለጥ ነውር አይደለም። በ1998 ግን ፈጣንነቱ ከተመሰከረለት ከሚካ ሳሎ ጋር እኩል፣ ሦስት ሦስት ነጥብ ይዘው ጨረሱ። ዲኒዝ ታላቅ ነጂ አልነበረም። ቦታው የማይገባው ነበር የሚለው ግን በዚህ ቁጥር ፊት አይቆምም። የሚካኤል ሹማኸርም የመጀመሪያ መቀመጫ በ1991 በስፓ በመርሴዲስ 150,000 ዶላር የተገዛ መሆኑን ብዙ ሰው ይዘነጋል፤ ፍሪሲዮኑ ገና ሲነሣ ቢከዳውም፣ በመነሻው ተራ ልምድ ካለው ባልደረባው በላይ ሰባተኛ መሆኑ ለሚያይ ዓይን በቂ ነበር።

የመጨረሻው ምሳሌ ከሁሉ ረጅም መዝገብ ያለው ካናዳዊው ላንስ ስትሮል ነው። በ2017 በ18 ዓመቱ በዊሊያምስ ጀመረ፤ በ2018 አባቱ ሎረንስ ስትሮል ከሌሎች ጋር ሆነው ሌላ ቡድን ገዙ፤ ያ ቡድን ዛሬ አስተን ማርቲን የሚባለው ነው። ልጁ በ2017 በባኩ ሦስተኛ ወጥቷል፤ በ2020 በኢስታንቡል በዝናብ ከሁሉ ቀድሞ የመነሣትን ቦታ ይዟል። አንደኛው የከተማ ጎዳና፣ ሁለተኛው ዝናብ መሆኑን አንባቢ ያስተውል፤ የመኪናው ድርሻ ይቀንሳል ከተባለባቸው ቀኖች ናቸውና እጁ ባዶ እንዳልሆነ ይመሰክራሉ። ነገር ግን ፔሬዝ በ2020 125 ለ75፣ ፌትል በ2022 37 ለ18፣ አሎንሶ በ2023 206 ለ74፣ በ2024ም 70 ለ24 በልጠውታል። ከ2017 እስከ 2024 ባለው ጊዜ ባልደረባውን በነጥብ የበለጠው በ2018 ብቻ ነው። እኔ ከዚህ መዝገብ የማነበው፣ በየዓመቱ ከዋና ነጂዎች በአንድ ዓይነት ርቀት ወደ ኋላ የሚቀር፣ መካከለኛና የታወቀ መጠን ያለው ተወዳዳሪ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሌላ ቡድን ስንት ዓመት ይቆይ እንደ ነበር መገመት ይቻላል።

ቡድኖቹን ለመውቀስ የሚቸኩሉ አሉ፤ እኔ ግን በከፊል እረዳቸዋለሁ። አንድ ድሀ ቡድን በፈጣን ነጂና በገንዘብ መካከል ሲመርጥ፣ ነጂው በአንድ ዙር የሚያተርፈውን የሰከንድ ክፍልፋይ፣ ገንዘቡ የሚገዛው አዲስ ክንፍና የነፋስ ዋሻ ሰዓት ከሚያተርፈው ጋር ያመዛዝናል። ይህ ሐቀኛ የምሕንድስና ስሌት ነው። ስሌቱ የሚሳሳተው ነጂውን እንደ ሰዓት ምንጭ ብቻ ሲቆጥረው ነው፤ ነጂ በሚሊዮን ዶላር የተሠራውን ክንፍ የሚመረምር መሣሪያም ነውና፣ መሣሪያው የተዛባ ከሆነ ክንፉ መልካም ይሁን መጥፎ የሚያውቅ አይኖርም። ማርች በ1972 የተሟላ መሣሪያ በነጻ፣ እንዲያውም ገንዘብ ተከፍሎት፣ በእጁ ነበረ፤ አላነበበውም።

ከ2016 ወዲህ ወደ ፎርሙላ ዋን የሚገባ ሰው በታችኛዎቹ ውድድሮች 40 ነጥብ ማከማቸት ስላለበት የአል ፒዝ ዓይነቱ በር ተዘግቷል። ይሁንና ታችኛዎቹ ውድድሮች ራሳቸው ከልጅነት የካርቲንግ ዘመን ጀምሮ በገንዘብ የሚነዱ ናቸው። ባልደረባን ከባልደረባ የሚያወዳድረው መለኪያችን የሚሠራው በሩን አልፈው በገቡት ላይ ብቻ ነው። ገንዘብ አጥቶ ከበሩ ውጭ የቀረውን ሰው ሰዓት የሚይዝ መዝገብ የለም።

በር ላይ ሊቀር የነበረው ሁልከንበርግ ግን የ2011ን ዓመት በሌላ ቡድን ተጠባባቂ ሆኖ አሳልፎ ተመለሰ። በ2015 የለ ማንን የ24 ሰዓት ውድድር አሸነፈ፤ በፎርሙላ ዋን ግን ከዓመት ዓመት መካከለኛ መኪና ብቻ እየደረሰው ከሦስቱ ተሸላሚዎች ተራ ሳይገባ ከ200 በላይ ግራን ፕሪ ተወዳደረ። በሐምሌ 2025 በሲልቨርስቶን በዝናብ በተደረገው ውድድር ከ19ኛ ቦታ ተነሥቶ ሦስተኛ ወጣ። ለዚያ ቦታ በመንገዱ ላይ ካለፋቸው መካከል አንዱ ላንስ ስትሮል ነበር።